የ27 ሳንቲሙ ተረት

በቶሮንቶ ሐበሻ መካከል አዲስ ዓይነት ጀግና ብቅ ካለ ሰነባብቷል። ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም፤ ያደገው ስካርቦሮ ወይም ከዳንፎርዝ ጎዳና በማይርቅ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ሥራውን ለሦስት ወር ይተዋል፣ 40 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ያዝላል፣ ባንኮክ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትረካ ከአንዱ ተራኪ ወደ ሌላው እምብዛም አይለያይም። ካኦ ሳን መንገድ አጠገብ፣ ስምንት ሰው በሚያድርበት የሆስቴል ክፍል ውስጥ አንዲት አልጋ፤ የላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የበሏት የ60 ባት ኑድል፤ በሳን ሳፕ ቦይ ላይ ከሥራ ከሚመለሰው ሕዝብ ጋር ተጋፍተው የተሳፈሩባት ጀልባ፤ ከሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሀል ከተማ በ45 ባት የሚያስገባ ባቡር፣ ታክሲ ለያዘው ሞኝ ቱሪስት እየታዘነለት። የየቀኑ ወጪ በጥንቃቄ ተደምሮ ይቀርባል። መጨረሻ ላይ ምክር ይከተላል፤ ምክሩም ለቶሮንቶ ልጆች ብቻ ሳይሆን ለአዲስ አበባ፣ ለጎንደርና ለደሴ ወጣት ጭምር ነው፦ ዓለምን ለማየት ሀብታም መሆን አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ድፍረት ብቻ ነው።

ጠቡ ከዚህች የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ጋር ነው። ከኑድሏ ጋር ማንም ጠብ የለውም። ባንኮክ ደስ የምትል ከተማ ናት፤ ርካሽነቷም እውነት ነው፤ የሆስቴል አልጋ ብዙ ጊዜ ዳንፎርዝ ላይ ከሚበላ አንድ በያይነቱ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። አባቱ ታክሲ ሲነዳ፣ እናቱ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተራ ስትሠራ የኖሩ ልጅ ቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ተቀምጦ ቢያይ፣ ይህ ለቤተሰቡም ለሰፈሩም የሚያስደስት ነገር ነው። ማየት ይገባዋል። የማይገባው ያየበትን ዋጋ ደብቆ ሌላውን ፈሪ ማለቱ ነው።

ዐረፍተ ነገሯ የሐበሻ ፈጠራ እንዳልሆነች ማስታወስ ይጠቅማል። ቶኒና ሞሪን ዊለር የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1972 አሮጌ መኪና ገዝተው ከለንደን ተነሡ፤ እስከ አፍጋኒስታን ነድተው መኪናዋን እዚያው ሸጡ፤ በአውቶቡስ፣ በባቡርና በጀልባ እየተጓዙ በዓመቱ መጨረሻ ሲድኒ ሲደርሱ ኪሳቸው ውስጥ የቀረው 27 ሳንቲም ነበር። በማግስቱ ዓመት እስያን በርካሽ ስለማቋረጥ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጻፉ፤ በ1975 ደግሞ ደቡብ ምሥራቅ እስያን በትንሽ ገንዘብ ስለመዞር ሌላ መጽሐፍ አወጡ። ሎንሊ ፕላኔት የሚባለው የመንገደኞች መምሪያ ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። የዛሬው ባክፓከር ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የእነዚያ 27 ሳንቲሞች የልጅ ልጅ ነው።

ታሪኩ እንደ ድፍረት ገድል ሲነገር ሃምሳ ዓመት አለፈው። ግን ዊለሮች ሲድኒ ሲደርሱ የነበራቸው 27 ሳንቲም ብቻ አልነበረም፤ የእንግሊዝ ፓስፖርትም ነበራቸው። የደረሱባት አውስትራሊያ ነጭ ያልሆነውን ሰው ከደጇ ስትመልስበት የኖረችውን ፖሊሲ በይፋ የቀበረችው ገና በ1973 ነው። ዛሬ 27 ሳንቲም ይዞ ከየትኛውም አውሮፕላን የሚወርድ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት አሳታሚ አይሆንም። ወደ ጎን ተጠርቶ፣ የት እንደሚያድርና ማን እንደሚቀበለው ተጠይቆ፣ ባመጣው አውሮፕላን ይመለሳል። አንዱን ገድለኛ፣ ሌላውን ተጠርጣሪ ያደረገው ድፍረት አይደለም።

የባንኮክን በር ራሱን ማየት ይበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቶሮንቶ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ይበራል። ስለዚህ ሁለት ሐበሾች ከቦሌ ተነሥተው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ምግብ በልተው ሱቫርናቡሚ ሊያርፉ ይችላሉ፤ አንዱ የካናዳ፣ አንዷ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው። ታይላንድ ከሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ የ93 አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ ለ60 ቀን እንዲገቡ ፈቀደች፤ ካናዳ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያ የተመደበችው ሲደርሱ ቪዛ ከሚጠይቁት ጋር ነበር፦ 15 ቀን ብቻ፣ ክፍያ 2,000 ባት፣ በእጅ የሚታይ 10,000 ባት፣ የመመለሻ ትኬት፣ የማደሪያ አድራሻ። ደንብ ይለዋወጣል፤ ሕጉም ቢሆን ማንኛውንም መንገደኛ ገንዘብህን አሳየኝ ማለት ይችላል። በተግባር ማን እንደሚጠየቅ ግን በዚያ ሰልፍ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ባለ ካናዳው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ባቡር ፍለጋ ሲወርድ፣ ባለ ኢትዮጵያዋ አልጋ ሳትይዝ፣ ኑድል ሳትቀምስ፣ የአንድ ሳምንት አልጋ ዋጋ ለማኅተም ከፍላለች።

እርግጥ ነው፣ በጥቁር ፊት የተያዘ የካናዳ ፓስፖርትም አንዳንዴ ሁለቴ ይገላበጣል። የዳንፎርዝ ልጆች ይህን በምሬት ያወሩታል፣ እውነታቸውንም ነው። ነገር ግን ሁለቴ ቢገላበጥም ያው ማኅተሙ ይመታበታል።

አገር ቤት ያለው ሰው ባንኮክን ከማንም ቀድሞ፣ በማንም ሳይመከር ያውቃታል። የአዲስ አበባ ባንኮክ የሕክምና ባንኮክ ናት፦ መኪና ተሸጦ፣ ዕቁብ ተለምኖ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ፣ ታማሚው በወንድሙ ተደግፎ የሚሄድባት። የነጋዴም ባንኮክ አለች፤ ፕራቱናም ገበያ ውስጥ ልብስ መርጣ፣ ጠቅልላ፣ ኪሎ አስመዝና፣ ትርፍ ጭነት ላለመክፈል ሦስት ሹራብ ደርባ በዚያ ሙቀት አውሮፕላን የምትሳፈር ሴት ባንኮክ። በትንሽ ገንዘብ መኖርን በተመለከተ ይህቺን ነጋዴ የሚያስተምራት ባክፓከር የለም። አንድ ክፍል ለአራት መከራየትን፣ ሽሮና በርበሬ ከቤት ይዞ መሄድን፣ በአውቶቡስ መመላለስን ከሆስቴሎቹ ዘመን በፊት ታውቀዋለች። የተሸከመችውም ከ40 ሊትር በላይ ነው። ይሁንና ጉዞዋን እንደ ጉዞ የጻፈላት የለም፤ እሷ ነግዳ መጣች እንጂ ዓለምን አየች አይባልላትም። ካኦ ሳን የሚለው ስም ራሱ የተፈተገ ሩዝ ማለት ነው፤ መንገዱ ቀድሞ የሩዝ መሸጫ ነበር። የሩዙን ጆንያ የተሸከሙትን ማንም አያስታውስም፤ የሚታወሰው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦርሳ ተሸክሞ የመጣው ነው።

ሦስተኛም ባንኮክ አለች፤ «ድፍረት ብቻ» የምትለው ዐረፍተ ነገር ጉዳት የምታደርሰው እዚያ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደላሎች ለተማረና ሥራ ለጠፋበት የኢትዮጵያ ወጣት ባንኮክን ሲሸጡለት ቆይተዋል። የኮምፒውተር ሥራ፣ የደንበኞች አገልግሎት፣ ጥሩ ደመወዝ፣ ቀላል ቪዛ። ወጣቱ ሱቫርናቡሚ ይወርዳል፤ የተቀበለው መኪና ግን ወደ ከተማ አይታጠፍም። ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሜ ሶት ከምትባል የድንበር ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያ ሞኢ የሚባለውን ጠባብ ወንዝ ያሻግሩታል። ማዶው ምያንማር፣ ምያዋዲ ነው፤ በአጥርና በታጣቂ የተከበቡ፣ ሰው በኢንተርኔት የሚታለልባቸው ግቢዎች። ፓስፖርቱን ይነጥቁታል፣ ያልደረሰበትን የማጭበርበር ኮታ በድብደባ ይከፍላል። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ያለ አንድ ታጣቂ ቡድን 260 ሰዎችን ወንዙን አሻግሮ ለታይላንድ ጦር ሲያስረክብ፣ ከ20 አገሮች ከመጡት መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ። እነዚህ ሰዎች ድፍረት አልጎደላቸውም። ቋንቋውን የማያውቁት አገር፣ ማንንም በማያውቁበት ከተማ፣ በተበደሩት ገንዘብ ሄደዋል፤ ይህ ድፍረት ካልሆነ ቃሉ ምን ማለት ነው?

የቶሮንቶው ተራኪ እነዚህን ሰዎች ልኳቸዋል የሚል የለም። ደላላውም የእሱን የወጪ ሰንጠረዥ አላነበበ ይሆናል፤ ደላላ ለሥራው ሥነ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ግን ሁለቱ የሚሸጡት ከተማ አንድ ነው፦ ርካሽ፣ ክፍት፣ ለደፋር የተዘጋጀ። ደላላው የሚዋሸውን ተራኪው በዕድሜ እኩያ፣ በመልክ ዘመድ ሆኖ፣ በአማርኛ፣ ፈገግ ባለ ፎቶ ያጸናዋል። ደላላው ማብራራት የሚከብደውን ነገር ተራኪው በነጻ ያብራራለታል፤ ባንኮክ ማለት ሁሉም ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው፣ አለመሄድ ነው የሚያሳፍር። ለዚህ ነው ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማይቀረው።

ተራኪዎቹ ሲወቀሱ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፦ ለወጣቱ ተስፋ መስጠት ነው እንጂ ሌላ ዓላማ የለንም፤ ሐበሻ ሁልጊዜ ስደተኛ ተብሎ ብቻ መታየት የለበትም፣ ቱሪስትም መሆን ይችላል። የመልሱ ሁለተኛ ግማሽ ትክክል ነው። ሐበሻ በዓለም አደባባይ በልቅሶ ብቻ መታወቁ ያሰለቸው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ግን ቱሪስት መሆን የቻለው እንዴት እንደሆነ ሳይናገር ቱሪስት ነኝ ማለት፣ ስደተኛውን ከታሪኩ ገፍቶ ማስወጣት ነው። ይህ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያስወጣው የገዛ ቤተሰቡን ነው።

ወደ ቶሮንቶ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎቹ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ያለፉ ናቸው። በመተማ ተሻግረው፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን ጫካ እየተደበቁ፣ ገዳሪፍ ደርሰው፣ ካምፕ ውስጥ ዓመታት ቆጥረው፣ ካርቱም ላይ ሌላ ዓመታት ጨምረው ነው ካናዳ የሚባል ስም የሰሙት። ጀርባቸው ላይ የነበረው ቦርሳ አንድ ነጠላና ጥቂት በሶ ነው። በጀት ጉዞ ማለት ይህ ነበር። እነሱ ግን ስለ መንገዱ ሲጠየቁ አልፏል ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ልጆቻቸው ሦስት ሳምንት ስለቆዩበት ከተማ ሰላሳ ገጽ ሲጽፉ፣ ስለ ገዳሪፍ መንገድ በአማርኛ የተጻፈው እስከ ዛሬ ከተኖረው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ሥነ ጽሑፋችን የቱን ጉዞ እንደ ጉዞ እንደቆጠረ ከዚህ ይታያል።

በዚያው ቤት ውስጥ ዛሬም ሁለት ዓይነት መንገደኛ አለ። ልጅየው ፓስፖርት አለው፤ ቅርብ ጊዜ የመጣችው አክስቱ ያላት ለስደተኛ የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ነው። ዜግነት ለመጠየቅ በአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ካናዳ ውስጥ መገኘት፣ ከዚያም ከ600 ዶላር በላይ መክፈል ይጠበቅባታል። እስከዚያው ያገሯን ፓስፖርት አውጥታ እናቷን ለመቅበር ብትሄድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ የስደተኛ ጥበቃዋን ብቻ ሳይሆን ቋሚ ነዋሪነቷንም ልታጣ ትችላለች። ልጅየው ግን ከኦንታሪዮ ውጭ በዓመት እስከ 212 ቀን ቢቆይ የጤና መድኅኑ አይነካበትም። ሥራውን ለሦስት ወር ሲተው የሚተማመንበት መሬት ይህ ነው። በየትኛውም የወጪ ሰንጠረዥ ላይ ግን አይታይም።

ከአገር ቤት የምትጠራው አያትስ? ለጎብኚ ቪዛ 100 ዶላር፣ ለአሻራ 85 ዶላር ትከፍላለች። በድምሩ 185 ዶላር፤ ካኦ ሳን አካባቢ ሁለት ሳምንት የሚያሳድር ገንዘብ ነው፣ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ከክልከላ ደብዳቤዎች ምክንያቶች አንዱ ደግሞ «የጉዞ ታሪክ» የሚል ነው፤ ከዚህ በፊት ብዙ አልተጓዙምና ከካናዳ ለመመለስዎ እርግጠኛ አይደለንም። ያልተጓዘ አይጓዝም ማለት ነው። ለእኚህ አያት የልጅ ልጃቸው የሚያስፈልገው ድፍረት ብቻ ነው ብሎ ይንገራቸው እስቲ።

ቶሮንቶ ራሷም ብትሆን ቦርሳን ተንተርሶ ማደርን በቅርቡ አይታለች። የከተማው አስተዳደር ከግንቦት 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ፌዴራል መንግሥት መምራት ሲጀምር፣ ከአፍሪካ አገሮች የመጡ ብዙ ሰዎች ፒተርና ሪችመንድ መንገዶች አካባቢ፣ በመጠለያ መቀበያው ቢሮ ደጃፍ፣ አስፋልት ላይ ለሳምንታት አደሩ። አካባቢው የምሽት ክበቦችና የሆቴሎች ሰፈር ነው። መንግሥታቱ ማን ይክፈል ሲባባሉ፣ በሐምሌ ሰዎቹን አንሥተው ያስጠለሉት የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። በዚያው ክረምት ከዚያችው ከተማ የተነሣ ባክፓከር የባንኮክ ባቡር ጣቢያ ወለል ላይ ማደርን እንደ ገጠመኝ ሊጽፍ ይችላል። ወለሉ ወለል ነው፣ ቦርሳውም ቦርሳ። አንደኛው ማደሪያውን ልምድ ይለዋል፤ የሌላኛው ስም የከተማ ችግር ነው።

እዚህ ላይ የቆሎ ተማሪ ማንሳት የሚወዱ አሉ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ዋድላ ያለ ሳንቲም የዞረ የመጀመሪያው ባክፓከር እሱ ነው ይላሉ። ንጽጽሩ ያምራል፣ ግን ልክ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከበር በር «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የሚሰጠው ሰው እሱን የመሰለ ድሃ ገበሬ ነው፤ የሚሰጠውም ነገ ቄስ፣ መሪጌታ ሆኖ ልጁን እንደሚያጠምቅለት፣ ሞቱን እንደሚፈታለት እያወቀ ነው። በልመናው ውስጥ ውል ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2017 አካባቢ በባንኮክና በሌሎች የእስያ ከተሞች ጎዳና ላይ ለቀጣዩ ጉዞ መዋጮ ሲለምኑ ፎቶ የተነሡት ነጭ መንገደኞች እንዲህ ያለ ውል የላቸውም። ከነሱ ጋር መመደብ ለቆሎ ተማሪው ስድብ ነው።

የአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ በዚህ ረገድ ከዛሬዎቹ ተራኪዎች ይልቅ ሐቀኛ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮማ ላይ ያሳተመው የመንገደኛ መምሪያ ለፈረንጅ የተዘጋጀ ነበር፤ መሆኑንም አልደበቀም፤ በፈረንሳይኛና በአማርኛ ንግግሮቹ መካከልም ያገሩን አስተዳደር ሸንቆጥ አድርጓል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስለ ጃፓን የጻፉት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በ1924 ዓ.ም. ሲታተም፣ ጸሐፊው የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው እንደሄዱ አንባቢ ያውቅ ነበር። በማን ስም፣ በማን ገንዘብ፣ በየትኛው ማዕረግ እንደተጓዙ ግልጽ ነው። ማንም የኅሩይን መጽሐፍ አንብቦ ዮኮሃማ ለመድረስ ድፍረት ይበቃል ብሎ አይሳሳትም። ማዕረጉን ደብቆ እንደ ተራ ሰው የሚቀርብ መንገደኛ የመጣው አሁን ነው፤ የዛሬው ማዕረግ ደግሞ ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሽፋን ያላት አንዲት ደብተር ናት።

ስለዚህ ከተራኪዎቹ የሚፈለገው ዝምታ አይደለም፤ ሙሉ ሒሳብ ነው። አልጋ 300 ባት፣ ኑድል 60 ባት፣ ባቡር 45 ባት ብሎ መጻፍ ከቻሉ፣ ከላይ ደግሞ ፓስፖርት የምትል መስመር ይጨምሩ፤ በስሯም የአባት የታክሲ ዓመታት፣ የእናት የሌሊት ተራ፣ የገዳሪፍ መንገድ፣ የካናዳ ኤምባሲ ባንኮክ ውስጥ መኖሩ። አገር ቤት ለሚያነብ ወጣትም የሱን ሰልፍ፣ የሱን 15 ቀን፣ የሱን 10,000 ባት ይንገሩት፤ ሜ ሶት የት እንዳለችም በካርታ ያሳዩት። አስቀያሚ ጽሑፍ አይወጣውም። እንዲያውም ያ ጽሑፍ እስካሁን ከታዩት ሁሉ የተሻለ የባንኮክ ትረካ ይሆናል፣ ምክንያቱም ከኑድሉ ሌላ የሚያነቡት ነገር ይኖረዋል።

ለምሳሌ ያቺ ከቦሌ ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጣ የመጣችው ሴት አለች። የመቀመጫ ቀበቶዋን እንዴት እንደምትፈታ አሳይቷታል፣ በአማርኛው ሳቀችበት፣ ዳቦዋን አካፈለችው። እሱ ማኅተም አስመትቶ ወደ ባቡሩ ሲወርድ እሷ ገና ቪዛ መስጫው ሰልፍ ላይ ነበረች። ለሕክምና ነው የመጣችው? ለንግድ? ሥራ አለ ተብላ? ውጭ የሚጠብቃት መኪና የማን ነው? በሠላሳው ገጽ ውስጥ ዞር ብሎ ያያት ቦታ የለም።